ለሃያ አምስት ደቂቃ የሚይዛት ሰው

ሃያ አምስት ደቂቃ ምን ያህል ነው? አውቶቡስ ለሚጠብቅ ሰው ማለቂያ የለውም፤ ከምሳ በኋላ ጋደም ላለ ሰው ደግሞ ዓይን ከድኖ መግለጥ ነው። የጀሪካን ፋብሪካዋ ባለሦስቷ ግን በሌላ መንገድ ነው የምታውቀው። ለእሷ ሃያ አምስት ደቂቃ ገበያ ላይ የሌለ ዕቃ ነው። ቀኑን ሙሉ ልጅ የሚይዝ ሰው፣ ኪስ ከቻለው፣ ሞልቷል። ግማሽ ቀን የሚይዝም ተፈልጎ አይጠፋም። ለሃያ አምስት ደቂቃ ብቻ የሚይዝ ሰው ግን ከተማውን ብታገላብጠው የለም፤ እሷ አገላብጣ አይታዋለች።

ባለሦስቷ ያሏት ሦስት ቁጥር ማሽን ላይ ስለምትሠራ ነው። ዘጠኝ ዓመት እዚያው ናት። ማሽኑ የፕላስቲኩን ጥሬ አቅልጦ እንደ ቱቦ ያወርደዋል፤ ሁለት የብረት ቅርጾች ይገጥሙበታል፤ አየር ይነፋበታል፤ ከዚያ ቢጫ ጀሪካን ከነትኩሳቱ ዱብ ይላል። አንገቱና ቂጡ ላይ የተረፈውን በቢላ ትቀነጥሳለች፣ ወደ መብራት አንሥታ ታየዋለች፣ በአውራ ጣቷ ትጫነዋለች፤ ይሄኔ ሌላው ደርሷል። ማሽኑ አንድ ክፉ ዐመል አለው፤ መቆም አይወድም። ከቆመ ሆዱ ውስጥ ያለው ፕላስቲክ ይደርቅና እሱን ፈልፍሎ ለማውጣት ግማሽ ቀን ይፈጃል። ስለዚህ የአዳራሹ ሕግ አጭር ነው፤ ተረኛው መጥቶ፣ ማሽኑን አይቶ፣ የርክክብ ወረቀቱ ላይ ሳይፈርም ማንም ከቦታው ንቅንቅ አይልም።

ባሏንም ያገኘችው በርክክብ ነው። እሱ በከሰዓት ፈረቃ እዚሁ ማሽን ላይ ሲመደብ የማሽኑን ጠባይ ያስተማረችው እሷ ናት። በቀን አሥር አሥር ደቂቃ እየተገናኙ ሦስት ዓመት ቆዩና ተጋቡ፤ ከተጋቡም ወዲህ የሚተያዩት ከዚያ ብዙም አልበለጠ። እሱን ሰው ባለሦስቱ ይለዋል። ልጅ ሲወልዱ ደግሞ፣ ስታለቅስ ሁለቱም ከመቀመጫቸው ብድግ ስለሚሉላት፣ "እመቤቲቱ" ብለው ጠሯት።

ሞግዚት መቅጠር ማለት ለእነሱ የአንዳቸውን ደመወዝ እንዳለ ለሌላ ሰው መስጠት ነበር። ስለዚህ ልጅቷን ራሳቸው ተከፋፈሏት፤ ጠዋት የአባቷ፣ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ የእናቷ። ያማረ ክፍፍል ነበር፣ አንድ ቀዳዳ ባይኖረው። እሱ ለዘጠኝ ሰዓቱ ፈረቃ ስምንት ከአርባ ላይ በሩን ማለፍ አለበት፤ ካርድ ይመታል፣ ይፈተሻል፣ ቱታውን ይለብሳል፣ ማሽኑን ይረከባል። እሷ ደግሞ እሱ ሳይፈርምላት አትወጣም፤ ታጥባ፣ ተፈትሻ በሩ ላይ ስትደርስ ዘጠኝ ከአምስት ነው። ከስምንት ከአርባ እስከ ዘጠኝ ከአምስት እናትም አባትም ውስጥ ናቸው። እመቤቲቱ በዚያ ሰዓት የማን ናት?

መጀመሪያ የታችኛዋ ጎረቤታቸው፣ ልብስ ሰፊዋ፣ ያዘችላቸው። ሁለት ሳምንት እንደያዘች እሷም ሥራ አገኘችና ሄደች። ከዚያ ባለሦስቷ ፍለጋ ወጣች። የሕፃናት ማቆያዋ ባለቤት ከላይ እስከ ታች አይታት፣ "ለሃያ አምስት ደቂቃም ሆነ ለቀኑ ክፍያው ያው ነው። ደግሞ በዚያ ሰዓት ልጆቹ ይተኛሉ፣ በር አንከፍትም" አለቻት። አንዷ ሞግዚት ደግሞ ሳቀችባት። "ጫማዬን እስካወልቅ ያልቃል እኮ።"

አማቷ ሩቅ ነው የሚኖሩት፤ በስልክ መከሯት።

"ልጄ፣ አንቺ አረፍ በይና ልጅሽን አሳድጊ።"

"ለምን እሱ አያርፍም፣ እማማ?"

"እሱማ ወንድ ነው።"

"ማሽኑ ይህን አያውቅም" አለቻቸው። በዚያ ወር ሁለተኛ አልደወሉም።

በመጨረሻ ከባሏ ጋር የሰው ኃይል ኃላፊው ዘንድ ገባች። ሃያ አምስት ደቂቃ ቀድማ እንድትወጣ፣ ወይም ባሏ ሃያ አምስት ደቂቃ ዘግይቶ እንዲገባ ጠየቀች። ኃላፊው ጠረጴዛው ላይ ያለውን እስክሪብቶ ከግራ ወደ ቀኝ አዛወረ።

"ለአንቺ ከፈቀድኩ ለሁሉም ልፈቅድ ነው። ባልሽ በዚህ ሳምንት ሦስት ቀን አርፍዷል። ማሽን ቢቆም በማን ነው የሚታሰበው? እስከ ወሩ መጨረሻ ወስኑ። አንዳችሁ ልቀቁ።"

አንዳችሁ ሲል ያየው እሷን ነው። ባሏ አጠገቧ ቆሟል፣ ቁመቱ በር የሚሞላ ሰው ነው፤ ኃላፊው ግን አላየውም። ደሟ ፈላ። ዘጠኝ ዓመት የማሽኑን ሳል ከሩቅ እየለየች፣ ባሏን ራሱን ሥራ አስተምራ፣ "አንዳችሁ" ሲባል እሷ ሆነች ማለት ነው። ወጥታ ኮሪደሩ ላይ የባለሰባቷን ሴት አገኘቻት፤ ሰባት ቁጥር ማሽን ላይ የምትሠራ፣ እርግዝናዋን በሰፊ ሽርጥ የምትደብቅ ልጅ ናት። "ምን አሉሽ?" አለቻት ባለሰባቷ በሹክሹክታ። የጠየቀችው ለራሷ እንደሆነ ባለሦስቷ ገባት። "ገና አልጨረስንም" አለቻት።

አሁን ስለ ጋሽ መመሪያ ልንገራችሁ። የበሩ ጥበቃ ናቸው። ሌላ ስም አላቸው፣ የሚጠራቸው ግን የለም። ዋና ሥራ አስኪያጁ መታወቂያውን ቤት ረስቶ በመጣ ጊዜ ከበሩ መልሰውታል ይባላል፤ ይባላል ሳይሆን መልሰውታል፣ እሷም አይታለች። ፋብሪካው ውስጥ ስልክ፣ ክብሪት፣ ቦርሳ አይገባም። ሁሉም በር ላይ ይመዘገባል፤ ጋሽ መመሪያ ከውድቅ ጀሪካን የተቆረጠች ቢጫ ክብ ቁራጭ ይሰጣሉ፣ በጋለ ሽቦ ቁጥር የተጻፈባት። ያቺን ቁጥር ያልመለሰ ንብረቱን አያገኝም። አንድ ጊዜ የራሳቸው ወንድም ቁጥሩን ጥሎ ጃንጥላውን ለማግኘት ማመልከቻ ጽፏል።

ሠራተኛው ሁሉ ይሸሻቸዋል። ባለሦስቷ ግን ቁጭ ብላ አሰበች። ልበ ርኅሩኁን ሁሉ ለምና አይታዋለች፤ ርኅራኄያቸው "ውይ፣ የኔ እናት" ከማለት አላለፈም። የቀረው ደረቅ ሰው ነው። በእረፍት ቀኗ ልጇን አዝላ ወደ በሩ ሄደችና በጥበቃ ቤቱ ግድግዳ ላይ ያለውን ሰሌዳ ጮክ ብላ ማንበብ ጀመረች።

"'ለሥራው የማያስፈልግ ሁሉ ወደ ውስጥ አይገባም። የማይገባ ሁሉ በር ላይ ተመዝግቦ ይቀመጣል። ለተቀመጠው ጥበቃው ኃላፊ ነው።' ጋሼ፣ ይሄ አሁንም ይሠራል?"

"ካልተሻረ ይሠራል" አሉ ጋሽ መመሪያ።

"ልጄ ለሥራው ታስፈልጋለች?"

"አታስፈልግም።"

"ትገባለች?"

"በፍጹም።"

"እንግዲህ ይመዝግቧታ።"

ጋሽ መመሪያ መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ። በራሳቸው እጅ የጻፉትን ሰሌዳ ከላይ እስከ ታች አነበቡት። ያመለጠ ነገር እንዳለ ብለው ከታች ወደ ላይም አዩት።

"ልጄ፣ ይሄ እንዲህ ተብሎ የተጻፈ አይመስለኝም።"

"የሚመስልዎትን ነው ወይስ የተጻፈውን የሚያስፈጽሙት፣ ጋሼ?"

እዚህ ላይ ነካቻቸው። ከዚያ መዝገቡን ገለጡ፣ ቀኑን ጻፉ፣ እና እስክሪብቶውን አንሥተው፣ "ስትገባ ያለችበት ሁኔታ?" አሉ።

መዝገቡ እንዲህ ነው የተሠራው፤ አንዱ ዓምድ የሚቀመጠው ምን እንደሆነ ይናገራል፣ ሌላው ሲገባ ያለበትን ሁኔታ፣ ሦስተኛው ሲወጣ ያለበትን። ኋላ "ተጫረ፣ ተሰበረ" የሚል ሰው እንዳይመጣ። ከማግስቱ ጀምሮ ባለሦስቱ በየቀኑ ስምንት ከአርባ ላይ እመቤቲቱን ያስመዘግብና፣ በአርባዎቹ ላይ ለእሷ የተጨመረችውን አርባ አንድ ቁጥርን ይዞ ይገባል። ማሽኑ ጎን ርክክብ ሲፈርሙ ቁጥሯን ለሚስቱ ያቀብላታል። እሷ ዘጠኝ ከአምስት ላይ፣ ወተቷ ሸሚዟን ሊያርስ ሲል፣ በሩ ላይ ደርሳ ቁጥሩን ትሰጥና ልጇን ትወስዳለች። ዕቃ መሬት ላይ ስለማይቀመጥ ባለሦስቱ በፈቃድ ከወጣ ውድቅ በርሜል አልጋ ሠራ፤ ለሁለት ሰንጥቆ፣ ጠርዙን አለስልሶ፣ ብርድ ልብስ ደርቦበት። ጋሽ መመሪያ ጃንጥላዎቹን ከመደርደሪያው ታችኛው እርከን አንሥተው ቦታ ለቀቁላት።

ወሩ አለቀ። ማንም አላረፈደም፣ ማንም አልለቀቀም። ኃላፊው ልጅቷን ማን እንደያዘላቸው አልጠየቀም፤ ሰዓት መቅጃው ንጹሕ ከሆነ ለእሱ ዓለም ሰላም ነው።

አራት ወር እንዲህ ሄደ። ጋሽ መመሪያ ሥራቸውን እንደሚሠሩ ነበር የሚሠሩት፤ ሳይስቁ፣ ሳያቆላምጡ። መዝገቡ ላይ ግን እንዲህ የሚሉ ነገሮች ይነበቡ ነበር። "ስትገባ፦ ተኝታለች። ስትወጣ፦ ነቅታ ጣሪያ ታያለች።" "ስትገባ፦ ታለቅሳለች። ስትወጣ፦ ዝም ብላለች፤ ምክንያቱ አልታወቀም።" አንድ ቀን ባለሦስቷ ቁጥሩን ስትሰጣቸው አልተቀበሏትም።

"ልዩነት አለ" አሉ።

ወደ መደርደሪያው ጎንበስ አለች። "ምን ሆነች?"

"ስትገባ ያልነበረ ጥርስ፣ አንድ፣ ታችኛው ድድ ላይ። ሳይፈረምበት አላስወጣም።"

ጣቷን ሕፃኗ አፍ ውስጥ አስገብታ ዳሰሰች። አለ፤ የሩዝ ፍሬ የምታህል። ደስ አላት፣ ቀጥሎ ደግሞ ቀናች። የልጇን የመጀመሪያ ጥርስ ከእናቷም ከአባቷም ቀድሞ ያየው የበር ጥበቃ ነው። ይህን ያህል ጊዜ ነው የምንሠራው ብላ አሰበችና ፈረመች።

ነገሩ የተበላሸው በእነሱ ስህተት ነው፤ እንዲህ ዓይነት ስህተት ደግሞ ከእነሱ በቀር ማንም አይሠራም። አንድ ቀን ልክ በርክክቡ ሰዓት ማሽኑ አንገታቸው የሳሳ ጀሪካኖች መትፋት ጀመረ። ባልና ሚስት ሁለቱም ጎንበስ ብለው አየሩን ሲያስተካክሉ፣ ሲከራከሩ፣ "ጨምረው"፣ "አይ ቀንሰው" ሲባባሉ ደቂቃው ሄደ። መልሶ ሲስተካከልላቸው ባለሦስቱ ተሽቀዳድሞ ፈረመ፣ እሷም ተሽቀዳድማ ወጣች። አርባ አንድ ቁጥር በባሏ ቱታ ኪስ ውስጥ ቀረች።

በሩ ላይ እጇን ወደ ኪሷ ስትሰድ ባዶ ሆነባት። ቀና ብላ ጋሽ መመሪያን አየች። እመቤቲቱ ከመደርደሪያው ታች እናቷን አይታ ድምፅዋን ለቀቀችው።

"ጋሼ፣ ቁጥሩ እሱ ጋ ቀረ።"

"ሂጂና አምጪ።"

"ካርድ መትቻለሁ። ከመታሁ በኋላ ተመልሼ መግባት አልችልም።"

"አትችይም" አሉ ጋሽ መመሪያ። "የሚያስገባሽ የኃላፊው ወረቀት ብቻ ነው።"

"የእሱም ስልክ እዚሁ እናንተ ጋ ነው፣ ልደውልለት አልችልም። ልጄ ናት እኮ፤ በየቀኑ ያዩኛል።"

"ወንድሜንም በየቀኑ አየው ነበር።"

ከበስተኋላዋ ከፈረቃ የወጣው ሠራተኛ ሁሉ ተሰበሰበ። አንዱ ይሥቃል፣ አንዱ "እንዴ፣ ስጧት እንጂ" ይላል። ጋሽ መመሪያ ፍንክች አላሉም፤ ግንባራቸው ላይ ግን ላብ ችፍ ብሏል። ባለሦስቷ ልትጮህባቸው አፏን ከፈተችና ተወችው። በዚህ ድርቅና ነው አራት ወር ሥራዋን ያቆየችው፤ ዛሬ በእሷ ላይ ሲመጣ ልትሰብረው ነው? ወተቷ ግን ይህን ሁሉ ክርክር አይሰማም፤ ሸሚዟን አርሶታል።

"ቁጥር የሌለው አይወስድም ነው የሚለው?" አለች።

"አይወስድም።"

"አያጠባም ይላል?"

ጋሽ መመሪያ ሰሌዳውን ዞር ብለው አዩት። "አይልም" አሉ፤ ድምፃቸው ውስጥ እፎይታ ነበረበት። ወንበራቸውን ለቀቁላት።

ጥበቃ ቤቱ ውስጥ፣ በስልኮችና በጃንጥላዎች መካከል፣ ቁጭ ብላ አጠባች። ከውጭ ያለው ሰው ፊቱን አዞረ፤ ያላዞረውን ጋሽ መመሪያ አፍጥጠው አዞሩት። ይህ ሁሉ ሲሆን የኃላፊው መኪና በሩ ላይ ደርሶ ጥሩንባ ነፋ። ኃላፊው በመስኮቱ አንገቱን ሲያወጣ ያየው፣ የፋብሪካው ጥበቃ ቤት ውስጥ አንዲት የማሽን ሠራተኛ ልጇን ስታጠባ፣ ከአጠገቧ ደግሞ የተሰነጠቀ በርሜል ላይ "41" የሚል ጽሑፍ ነው። ወርዶ ሰሌዳውን፣ በርሜሉን፣ መዝገቡን በየተራ አየ።

"ነገ ጠዋት ቢሮ" አለ። ከዚያም፣ ለእሷ ያለውን ንቀት ሳይደብቅ፣ መግቢያ ወረቀት ጽፎ ቁጥሩ እንዲመጣ አደረገ።

በማግስቱ ባለሦስቷ ለግማሽ ሰዓት ሰው ተተክቶላት ቢሮ ገባች። ጋሽ መመሪያም መዝገቡን ደረታቸው ላይ አቅፈው ቆመዋል።

"መሳቂያ አደረጋችሁን" አለ ኃላፊው። "ሰው ነች እኮ! ሕፃን ነች። ከጃንጥላ ጋር፣ ከክብሪት ጋር በዕቃ መዝገብ ይመዘገባል? እናት አይደለሽ? ከዛሬ ጀምሮ ሰው በዕቃ መዝገብ አይመዘገብም። እሱንም ገጽ ቅደዱና አምጡልኝ።"

"ገጾቹ ቁጥር አላቸው" አሉ ጋሽ መመሪያ። "አይቀደድም።"

"አንቺም እንዳልኩሽ ነው። አንዳችሁ ትለቃላችሁ። መልቀቂያውን እዚሁ ጽፈሽ ብትሄጂ ይሻላል።"

ባለሦስቷ ወንበር አልተሰጣትም፤ ስባ ተቀመጠች።

"አንዳችሁ ይላሉ" አለች። "አንዳችሁ ሲሉ ግን ዓይንዎ እኔ ላይ ነው። ባሌ ሰው አይደለም? እሱንም ይዩት። አልጽፍም። ዘጠኝ ዓመት ማሽኑን ሳላስረክብ ጥዬ ወጥቼ አላውቅም፤ ልጄንም ሳላስረክብ አልሄድም። አራት ወር ሙሉ አንድ ደቂቃ ያረፈድንበትን ቀን ያሳዩኝ። ልጄ ስትገባና ስትወጣ ምን እንደነበረች የተጻፈ አለኝ። እርስዎ ስለኔ የጻፉት ምንድን ነው?"

ኃላፊው እስክሪብቶውን ከቀኝ ወደ ግራ አዛወረ። "ከዛሬ ጀምሮ" አለ፣ "ሰው በዕቃ መዝገብ አይመዘገብም። ጨርሻለሁ።"

"በጽሑፍ ይስጡኝ" አሉ ጋሽ መመሪያ። ጽፎ ሰጣቸው። አንብበው፣ አራት አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ።

ያን ቀን ከጠዋቱ እስከ ስምንት ሰዓት ባለሦስቷ ጀሪካን ስትቀነጥስ እጇ እንጂ ልቧ እዚያ አልነበረም። ባሏ ቤት ልጅ ይዟል፤ ወይ ልጁን ይዞ ይቀራል፣ ወይ ልጁን የትም ጥሎ ይመጣል። ከቀረ ማሽኑ ያለ ተረኛ ነው፤ ነገሩ እዚያው ያበቃል። ስምንት ከአርባ ሆነ። ስምንት ከሃምሳ። ባለሰባቷ ከወዲያ ማሽን ላይ ሆና በዓይኗ ጠየቀቻት፤ አላውቅም ብላ ትከሻዋን ነቀነቀች። አስባው ነበር፤ ከቀረ እዚሁ እቆማለሁ፣ ፈረቃው ቢያልፍም እቆማለሁ፣ ማሽኑን ግን በእኔ ስም ማንም አያቆመውም ብላ።

ዘጠኝ ሊሆን አምስት ደቂቃ ሲቀረው ባለሦስቱ ቱታውን ቆልፎ ከፊቷ ቆመ። እጁ ላይ ልጅ የለም፤ ፊቱ ላይ ግን ለአራት ዓመት ያላየችው ፈገግታ አለ።

"የት አለች?"

"ቢሮ ገብታለች።"

"ማን ቢሮ?"

"መጀመሪያ ማሽኑን አስረክቢኝ" አለ፤ ፈረመላት። ከዚያ ነገሩን ነገራት።

በሩ ላይ ሲደርስ ጋሽ መመሪያ የዕቃውን መዝገብ አልገለጡም። ከመሳቢያው ሌላ አወጡ። ሰው በዕቃ መዝገብ አይመዘገብም ተብሏል፤ በጽሑፍ ነው የተባለው። ሰው ከሆነች፣ የፋብሪካው መታወቂያ ከሌላት፣ በሩ ላይ ከመጣች፣ ባለጉዳይ ናት ማለት ነው። ባለጉዳይ ደግሞ በባለጉዳይ መዝገብ ተመዝግቦ፣ የእንግዳ መለያ ደረቱ ላይ ተደርጎለት፣ በጥበቃ ታጅቦ ወደሚመለከተው ቢሮ ይሄዳል። ባለጉዳይ የሚያስተናግደው የሰው ኃይል ቢሮ ነው፤ ሰዓቱም በበሩ ላይ ተለጥፏል፣ ከስምንት እስከ አሥር። ጋሽ መመሪያ በሩን ለረዳታቸው አስረክበው፣ እመቤቲቱን አቅፈው፣ ኮሪደሩን ይዘው ሄዱ።

ባለሦስቷ እጇን እንኳ በቅጡ ሳትታጠብ ወደ ቢሮው ሮጠች። ጋሽ መመሪያ በሩ ላይ እንደ ምሰሶ ቆመዋል። ውስጥ ኃላፊው ልጅቷን ከጉልበቱ ላይ እንዳትወድቅበት በሁለት እጁ ይዟል፤ ማን እንዳስያዘው ራሱም የሚያውቅ አይመስልም። እመቤቲቱ የእንግዳ መለያዋን አፏ ውስጥ ከታ ታላምጣለች። የሸሚዙ እጅጌ ረጥቧል።

"ውሰጂያት" አለ።

"መጀመሪያ ይፈርሙ" አሉ ጋሽ መመሪያ፣ መዝገቡን ጠረጴዛው ላይ እየዘረጉ።

ባለሦስቷ በኃላፊው ትከሻ ላይ ጎንበስ ብላ አነበበች። ስም በሚለው ስር የልጅቷ ስም ከነአባቷ ተጽፏል። ከየት፦ ከቤቷ። ማንን ፈልጋ፦ የሰው ኃይል ኃላፊ። የመጣችበት ጉዳይ፦ እናቷን ለመውሰድ። መጨረሻ ላይ ባለጉዳዩ የሚሞላው ዓምድ አለ፤ "ጉዳዩ ተፈጽሟል፣ አልተፈጸመም" የሚል። ጋሽ መመሪያ፣ "ባለጉዳይዋ መጻፍ ስለማትችል እናቷ ትሙላ" አሉ። ባለሦስቷ እስክሪብቶውን ከኃላፊው ጠረጴዛ ላይ፣ ከዚያው ከግራና ከቀኝ ከሚዛወረው፣ አነሣችና "አልተፈጸመም" ላይ ምልክት አደረገች።

"ምን ማለት ነው?" አለ ኃላፊው።

"ጉዳዩ ያልተፈጸመለት ባለጉዳይ በማግስቱ ይመለሳል" አሉ ጋሽ መመሪያ። "በሳምንቱ መጨረሻ ያልተፈጸሙት ዝርዝር ለዋና ሥራ አስኪያጁ ይቀርባል። የራስዎ መመሪያ ነው።"

እመቤቲቱ በማግስቱ ተመለሰች። በሦስተኛው ቀንም። በአራተኛው ቀን ኃላፊው ከጥበቃ ቤቱ ጎን ያለችውን፣ የተሰበሩ ወንበሮች የሚጣሉባትን ክፍል አስጠርጎ ቁልፉን ለጋሽ መመሪያ ሰጣቸው። ደግ ሆነ ብላችሁ እንዳታስቡ፤ ዝርዝሩ ሊላክ አንድ ቀን ቀርቶት ነበር። በሩ ላይም በራሱ እጅ ወረቀት ለጠፈ፤ "በርክክብ ሰዓት ለሕፃናት ማቆያ። እስከ ሌላ ትእዛዝ ድረስ።"

በዚያን ቀን ባለሦስቷ ልጇን ከክፍሏ ስትወስድ ጋሽ መመሪያ መዝገቡን አቀረቡላት። የበርሜሉ አልጋ መስኮቱ ስር ነው፣ ግድግዳው ገና እርጥብ ቀለም ይሸታል። በሩ ላይ ባለሰባቷ ቆማለች፤ ሽርጧን አውልቃለች፣ ሆዷ ፊት ለፊት ወጥቷል፣ ክፍሏን በዓይኗ ትለካለች።

"እንግዲህ ተፈጽሟል በይበት" አሉ ጋሽ መመሪያ።

ባለሦስቷ እስክሪብቶውን ተቀበለች። የባለሰባቷን ሆድ አየች፣ ከዚያ በሩ ላይ ያለውን ወረቀት፣ "እስከ ሌላ ትእዛዝ ድረስ" የሚለውን። እመቤቲቱን ወደ ግራ ክንዷ አዛውራ ምልክቱን አደረገችና መዝገቡን መለሰችላቸው። ጋሽ መመሪያ መነጽራቸውን አስተካክለው አዩት፤ "አልተፈጸመም" ይላል። ገጹን አድርቀው ዘጉትና፣ ከመሳቢያቸው አንድ ባዶ ቢጫ ክብ አውጥተው፣ አርባ ሁለትን ለመጻፍ ሽቦውን ሊያግሉ ሄዱ።